ውሃውን ተዪው፣ ገለፈቱን አስዪ

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ የሜካኒካል ምህንድስና የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሚሊ ሜትር በሆነ ቦይ ውስጥ የሳሙና አረፋ እንዴት እንደሚጓዝ፣ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ደግሞ እንዴት ቦታ እንደሚለዋወጥ በሲሙሌሽን ማሳየት እፈልጋለሁ። በኦፕንፎም (የፈሳሽ ፍሰት ማስያ ፕሮግራም) ሞከርኩ። ነገር ግን አረፋዎቹ ገና መታጠፊያው ጋ ሳይደርሱ እርስ በርስ ይዋሃዱብኛል። ያለኝ አንድ ላፕቶፕ ብቻ ነው። የኮምፒውተሬ አቅም አንሶ ነው ወይስ የተሳሳትኩት ነገር አለ?»

ላፕቶፕሽን አትውቀሺው። ትልቅ የኮምፒውተር ክላስተር ቢሰጥሽም ያው ነበር የሚገጥምሽ። የተሳሳተው የዘዴው ምርጫ ነው። እኔም በዚያው መንገድ ሄጄ ወራት አቃጥያለሁ፤ ስለዚህ አትፈሪ። (ደግሞ «ጋሼ» ብለሽኛል። ሽበቴ በየት በኩል ታየሽ?)

በቅድሚያ በቃላት እንስማማ። በአማርኛ ነጠላዋም አረፋ ናት፣ ክምሩም አረፋ ነው። እንዳንደናገር እዚህ ክምሩን «አረፋ»፣ ነጠላዋን «ፊኛ» እላለሁ። በሁለት ፊኛዎች መካከል ያለው ስስ የሳሙና ግድግዳ «ገለፈት» ይባልልን። ሦስት ገለፈቶች የሚገናኙበት ቦታ ደግሞ «መገናኛ»።

አሁን ወደ ችግርሽ። የተጠቀምሽበት ዘዴ ቦዩን በትንንሽ ሴሎች ይሸነሽናል። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ምን ያህሉ ፈሳሽ፣ ምን ያህሉ አየር እንደሆነ ብቻ ይመዘግባል። ገለፈቱ ከአንድ ሴል ሲሳሳ ፕሮግራሙ አያየውም። ካላየው ደግሞ የለም። ሁለቱ ፊኛዎች በዚያችው ቅጽበት አንድ ይሆናሉ። በእውነተኛው ቦይ ውስጥ ግን ሳሙናው የገለፈቱን ሁለት ገጾች አራርቆ ይይዛቸዋል። ፕሮግራምሽ ስለዚህ ግፊያ ማንም የነገረው የለም።

«ታዲያ ሴሉን ላሳንሰው» ትይ ይሆናል። ቁጥሩን እንየው። በደረቅ አረፋ (ፈሳሹ በጣም ጥቂት በሆነ) ውስጥ ገለፈት 100 ናኖሜትር አካባቢ ሊሆን ይችላል። የአንቺ ፊኛ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ናት እንበል። ልዩነቱ 30,000 እጥፍ ነው። ገለፈቱን የእንጀራ ውፍረት እስኪያህል ብናሳድገው ፊኛዋ ከእግር ኳስ ሜዳ ትረዝማለች። ለገለፈቱ ውፍረት አንድ ሴል ብቻ ብትሰጪው እንኳ ለ5 ሚሊ ሜትር ስፋት 50,000 ሴል ያስፈልግሻል። ቦዩ 5 ሴንቲ ሜትር ከረዘመ በሁለት ልኬት ብቻ 25 ቢሊዮን ሴል ሆነ። በዚያ ላይ የገጽ ውጥረት (ፈሳሹ ገጹን ለማጥበብ የሚጎትትበት ኃይል) በዚህ መጠን ላይ ሲሰላ የጊዜ እርምጃውን፣ ማለትም ፕሮግራሙ በአንድ ስሌት የሚሻገረውን ጊዜ፣ ወደ 2 ናኖሰከንድ ያወርደዋል። አንድ ሰከንድ ለማሳየት 500 ሚሊዮን እርምጃ ማለት ነው። ይህን የሚችል ላፕቶፕ ካገኘሽ ለእኔም ንገሪኝ።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ ውሃውን ተዪው። በደረቅ አረፋ ውስጥ የሚሆነውን የሚወስነው የገለፈቱ ቅርጽና በቦዩ ግድግዳ ላይ ያለው ሰበቃ ነው። የምታሰዪው ገለፈቱን ይሁን። ሦስት ልኬት የነበረው ችግር ወደ ጥቂት መቶ ነጥቦች ይወርድልሻል። ላፕቶፕሽም ይበቃል።

ቤልጂየማዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆሴፍ ፕላቶ ይህን ጂኦሜትሪ በ1873 ባሳተመው መጽሐፍ አስቀምጦታል። መጽሐፉን ሲያሳትም ዓይነ ስውር ከሆነ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሙከራዎቹን ሌሎች እየሠሩ ይነግሩት ነበር። ያገኘው ሕግ ለአንቺ ቦይ እንዲህ ይተረጎማል። በአንድ መገናኛ ላይ የሚገናኙት ሁልጊዜ ሦስት ገለፈቶች ናቸው፣ በመካከላቸውም 120 ዲግሪ ነው። ገለፈቱ የቦዩን ጎን ሲነካ ደግሞ ቆሞ ባለበት ጊዜ በ90 ዲግሪ ይቆማል። ሌላው የላፕላስ ሕግ ነው፦ ገለፈት የሚጎብጠው በሁለቱ ወገን ያለው ግፊት ሲለያይ ነው። የሳሙና ውሃ የገጽ ውጥረት ወደ 0.03 ኒውተን በሜትር ነው። ገለፈት ሁለት ገጽ አለው። የጉብጠቱ ሬዲየስ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ የግፊቱ ልዩነት 20 ፓስካል ይመጣል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ የከባቢ አየር ግፊት 76,000 ፓስካል አካባቢ ነው። 20 ፓስካል ከዚያ አንጻር ምንም ስላይደለ የፊኛዋን ስፋት (ከላይ ስትታይ የምትይዘውን ቦታ) እንደማይለወጥ አድርገሽ መያዝ ትችያለሽ። ቦይሽ በጣም ረጅም ከሆነ ግን ተጠንቀቂ። የእያንዳንዱ ገለፈት ሰበቃ እየተደመረ ስለሚሄድ መውጫው ጋ ያሉት ፊኛዎች ከመግቢያው ይልቃሉ።

አሁን ጊዜን እናስገባ። አረፋው በጣም ቀስ ብሎ ከሄደ ሰበቃውን መርሳት ይቻላል። በየደረጃው ፊኛዎቹን ትንሽ ገፋ ታደርጊያቸዋለሽ፣ ከዚያ የገለፈቶቹ ጠቅላላ ርዝመት እስኪያንስ ድረስ እንዲረጋጉ ትተያቸዋለሽ። ለዚህ ሰርፌስ ኢቮልቨር የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ኬኔት ብራኪ የሠራው ነው፣ ጽሑፉም በ1992 ወጥቷል። የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ዴኒስ ዊየርና ሮበርት ፌላን በ1994 ያሳተሙትን፣ ከፊዚክስ ሊቁ ሎርድ ኬልቪን የ1887 ቅርጽ ያነሰ ገለፈት የሚፈጀውን የአረፋ ቅርጽ ያገኙት በዚሁ ፕሮግራም ነው። በኋላ የቤጂንግ ኦሎምፒክ መዋኛ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የታየው ያ ቅርጽ ነው። ፕሮግራሙን መልመድ ጥቂት ቀን ይወስዳል። መልኩ የድሮ ነው፣ አያምርም። ግን አያሳፍርም።

አረፋው ሲፈጥን ነገሩ ይለወጣል። እዚህ ላይ የምመክርሽ «ዝልግልግ አረፋ» የሚባለውን ሞዴል ነው። በ2004 በተለይ በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ዙሪያ በነበሩ ተመራማሪዎች ተጠናክሮ የወጣ ነው። ሙሉ ሐሳቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። የሰበቃ ቁጥሩ በገለፈቱ ፍጥነት ሲባዛ፣ ከግፊት ልዩነቱ ላይ የገለፈቱ ውጥረትና የጉብጠቱ ብዜት ሲቀነስ ከሚቀረው ጋር እኩል ነው። ፍጥነቱ ሁልጊዜ ለገለፈቱ በቀጥታ ወደ ጎን ነው። እያንዳንዱን ገለፈት በነጥቦች ትከፍያለሽ። በየነጥቡ ጉብጠቱን ታሰያለሽ። ነጥቡን ታንቀሳቅሻለሽ። የየፊኛው ግፊት የማይታወቅ ነው፤ የምታገኚው የፊኛው ስፋት እንዳይለወጥ በማስገደድ ነው። በየእርምጃው በፊኛው ቁጥር ልክ አንድ መስመራዊ የእኩልታ ሥርዓት ትፈቺያለሽ ማለት ነው። ለ40 ፊኛ 40 እኩልታ፤ ፓይተን ይህን ሳይተነፍስ ይሠራዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት በግማሽ ስትቀንሺ የጊዜ እርምጃሽ ሩብ መሆን አለበት። ያለዚያ ገለፈቱ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆንብሻል።

ኮድሽን ግን ወዲያው ወደ መታጠፊያው አትውሰጂው። በመጀመሪያ አንድ ክብ ገለፈት ብቻ ያለ ግፊት ልዩነት አስቀምጪ። ክቡ ይጠባል። የሬዲየሱ ካሬ ከጊዜ ጋር ቀጥ ባለ መስመር መውረድ አለበት። የመስመሩም ቁልቁለት የውጥረቱ ሁለት እጥፍ ለሰበቃ ቁጥሩ ሲካፈል የሚመጣው ነው። ይህ ካልመጣ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ይህን ፈተና ዘልዬ ቀጥታ ወደ «ቆንጆው» ሥዕል ሄድኩ። ፊኛዎቼ በየእርምጃው በጥቂቱ ሲያንሱ አላየሁም። በሦስተኛው ወር ግማሹ አየር የት እንደገባ ስፈልግ ነበር። ሙሉ ሥዕሎቹን ጣልኳቸው። ከክቡ ቀጥለሽ አንዲት ገለፈት ቀጥ ባለ ቦይ ውስጥ ግፊ፤ ፍጥነቷ የግፊት ልዩነቱ ለሰበቃ ቁጥሩ ሲካፈል መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ አንድ ጎን ላይ የተለጠፈች ፊኛና ከእሷ ወደ ሌላው ጎን የተዘረጋች አንዲት ገለፈት ሞክሪ። ፍጥነት ስትጨምሪ ቅርጿ እየተዛባ ይሄድና ከሆነ ፍጥነት በላይ ሁለቱ አብረው መጓዝ ያቅታቸዋል። ትንሽ ችግር ናት፣ ግን ሁሉንም ትፈትናለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ቦታ መለዋወጡ። በሙያው «ቲ1» ይባላል። አራት ፊኛዎችን አስቢ። ሁለቱ በአንድ ገለፈት የሚዋሰኑ ጎረቤቶች ናቸው። ሁለቱ ደግሞ ከዳርና ከዳር ሆነው አይነካኩም። በጎረቤቶቹ መካከል ያለው ገለፈት እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ ሲጠፋ አራት ገለፈቶች በአንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። ፕላቶ ደግሞ አራት አይፈቅድም። ነጥቡ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል፣ በሌላኛው አቅጣጫ አዲስ ገለፈት ይወለዳል። ጎረቤቶቹ ተለያዩ፣ የማይተዋወቁት ጎረቤት ሆኑ። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ» ሲል ታክሲ ውስጥ የሚሆነውን ካየሽ አዲስ ነገር አይደለም።

በኮድ ውስጥ ይህን የምታደርጊው በአንድ ገደብ ነው። ገለፈቱ ከዚህ ርዝመት ሲያጥር መገናኛዎቹን ቆርጠሽ እንደ አዲስ ትቀጥያለሽ። ብዙ ተማሪ ይህን ገደብ እንደ ኮምፒውተር ጉዳይ ብቻ አይቶ የሆነች ትንሽ ቁጥር ያስቀምጣል። እኔ በዚህ አልስማማም። ገደቡ የፊዚክስ ትርጉም አለው፤ አረፋሽ ምን ያህል እርጥብ እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው።

እንዴት እንደሆነ ላሳይሽ። ፈሳሹ የሚከማቸው መገናኛዎቹ ላይ ነው። ቅርጹ ጎኖቹ ወደ ውስጥ የጎበጡ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ነው። የጎኖቹ ጉብጠት ሬዲየስ ካሬ በ0.161 ሲባዛ ስፋቱን ይሰጥሻል። ሁሉም ፊኛ እኩል ባለ ስድስት ጎን ነው እንበል። ለእያንዳንዱ ፊኛ ሁለት መገናኛ ይደርሰዋል። ከጠቅላላው ስፋት 1 በመቶው ፈሳሽ ከሆነ ሬዲየሱ ከአንድ ጎን ርዝመት 0.28 ያህል ይሆናል። ሦስት ማዕዘኑ ከመሃሉ ተነስቶ በገለፈቱ ላይ የሬዲየሱን 0.58 ያህል ይዘረጋል። በአንድ ገለፈት ጫፍና ጫፍ ላይ ሁለት ሦስት ማዕዘን አለ። ስለዚህ ሁለቱ የሚነካኩት ገለፈቱ ገና ከመደበኛው ርዝመት ሲሶ አካባቢ ላይ እያለ ነው። ሲሶ! በ1 በመቶ ፈሳሽ ብቻ። በ0.1 በመቶ እንኳ አንድ አሥረኛ ላይ ይነካካሉ። አንቺ ገደቡን አንድ ሺህኛ ላይ ካስቀመጥሽ ከማንኛውም እውነተኛ የሳሙና አረፋ የደረቀ አረፋ እያሰላሽ ነው። ቦታ መለዋወጡም ከሙከራው ዘግይቶ ይመጣብሻል። ከዚያ ሰበቃው ላይ ታላክኪያለሽ።

ስለዚህ ገደቡን ከፈሳሹ መጠን አስልተሽ አስቀምጪ፣ ከዚያም በጽሑፍሽ ውስጥ ጻፊው። የጥናትሽ ፈታኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ይሄ ነው የሚሆነው።

መታጠፊያው ላይ ምን ትጠብቂያለሽ? በ5 ሚሊ ሜትር ቦይ ውስጥ 3 ሚሊ ሜትር የሚያህሉ ፊኛዎች በሁለት ረድፍ፣ እንደ ደረጃ ተፈራርቀው ይሰለፋሉ። በረድፎቹ መሃል ለመሃል ያለው ርቀት 2.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። መታጠፊያው ግማሽ ክብ ከሆነ የውጪው ረድፍ ከውስጠኛው 7.9 ሚሊ ሜትር ያህል የበለጠ ይጓዛል። ከሁለት ፊኛ በላይ ማለት ነው። ሰልፍ ሲታጠፍ አይተሻል? ውጪ ያለው ወታደር እርምጃውን ያሰፋል፣ ውስጥ ያለው ባለበት ይረግጣል። አረፋው ቀስ ሲል እንዲሁ ያደርጋል፤ ሰልፉ ሳይፈርስ ዞሮ ይወጣል። ሲፈጥን ግን የውጪው ረድፍ ሰበቃ ይከብደዋል። ወደ ኋላ ይቀራል። ገለፈቶቹ ይንጋደዳሉ፣ አንዱ ያጥራል፣ ቲ1 ይሆናል። ውስጠኛው ረድፍ አንድ ጎረቤት ቀድሞ ያልፋል። በደብሊን የተሠሩ ሙከራዎች ይህንኑ አሳይተዋል፣ ዝልግልግ አረፋ ሞዴሉም ተከትሏቸዋል። ሰርፌስ ኢቮልቨር በዝግታው ስሌት ብቻውን ይህን አያሳይሽም፣ ምክንያቱም እሱ ፍጥነት የሚባል ነገር አያውቅም።

የሰበቃው ጉዳይ ላይ ትንሽ ልቆይ። ገለፈቱ ሲሄድ የቦዩ ጣሪያና ወለል በሆኑት መስታወቶች ላይ ስስ የፈሳሽ ንብርብር እየተወ ነው የሚሄደው። ብሬዘርተን የተባለ ተመራማሪ በ1961 ለቀጭን ቱቦ ይህን አስልቶታል። የፈሳሹን ዝልግልግነት በፍጥነቱ አባዥና ለገጽ ውጥረቱ አካፍዪ። የሚመጣው የካፒላሪ ቁጥር ይባላል። ለአንቺ ፍጥነት፣ 1 ሴንቲ ሜትር በሰከንድ ብንል፣ 0.0003 አካባቢ ነው። በብሬዘርተን ቀመር የንብርብሩ ውፍረት 3 ማይክሮሜትር ገደማ ይወጣል። ዋናው ቁም ነገር ሰበቃው ከፍጥነት ጋር እኩል አለማደጉ ነው። በተለመደው የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በፍጥነት የሁለት ሦስተኛ ኃይል ያድጋል (እዚህ «ኃይል» ስል የሒሳቡን ኤክስፖነንት ነው)። ፍጥነቱን እጥፍ ስታደርጊ ሰበቃው 1.6 እጥፍ ብቻ ይሆናል። የገጹ ቆዳ ጠንካራ በሆነ አረፋ፣ ለምሳሌ ፋቲ አሲድ ባለበት የጺም መላጫ አረፋ፣ ኃይሉ ወደ ግማሽ ይወርዳል። እዚያ 1.4 እጥፍ ነው። የመጀመሪያውን ኮድ ቀጥተኛ ሰበቃ ይዘሽ ሥሪው፣ ቀላል ነው። ውጤትሽን ከሙከራ ጋር ልታወዳድሪ ስትይ ግን ትክክለኛውን ኃይል አስገቢ።

ሙከራ ስል ትልቅ ላቦራቶሪ አይደለም። ሁለት የመስታወት ቁራጭ፣ በመካከላቸው 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፕላስቲክ በቦይ ቅርጽ ተቆርጦ። ፈሳሽ ሳሙና ከትንሽ ግሊሰሪን ጋር፤ ግሊሰሪኑን ፋርማሲ ታገኚዋለሽ። ቀጭን መርፌና የዓሣ ገንዳ ማናፈሻ። አየሩ በእኩል ግፊት ከገባ ፊኛዎቹ እኩል ይሆናሉ። ስልክሽ በሰከንድ 240 ፎቶ የሚያነሳ ከሆነ ካሜራ አለሽ። ቦዩን በነጠላ ረድፍ ገለፈቶች ሙዪው፣ እንደ ቀርከሃ አንጓ። ግፊቱን ለመለካት መግቢያው ላይ ውሃ ያለበት ላስቲክ ቱቦ አገናኚ። አንዲት ገለፈት በዚህ ፍጥነት ጥቂት ፓስካል ብቻ ትጠይቃለች፣ 20 ገለፈት ግን ወደ 60 ፓስካል ይደርሳል። ይህ 6 ሚሊ ሜትር የውሃ ከፍታ ነው። ቱቦውን ብታጋድሚው ልኬቱ ይሰፋልሻል። በሦስት የተለያየ ፍጥነት ከለካሽ የሰበቃ ቁጥሩንም፣ ኃይሉንም አገኘሽ። ከዚያ በኋላ በኮድሽ ውስጥ በግምት የሚቀመጥ ቁጥር የለም።

እንዶድ ካገኘሽ በእንዶድ ውሃም ሞክሪው። አረፋ የሚያወጣውም ልብስ የሚያጥበውም በውስጡ ያለው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። አንዳንድ ሳፖኒኖች ገጹን እንደ ቆዳ ያጠነክሩታል። ኃይሉ ሁለት ሦስተኛ ይሁን ግማሽ መለካት ብቻውን አንድ ጥሩ ምዕራፍ ይወጣዋል።

የፎን ኖይማን ሕግንስ ላስገባ ወይ የሚል ጥያቄ ይኖርሻል። አታስገቢ። በ1952 የወጣው ይህ ሕግ አየር በገለፈት ውስጥ ሲያልፍ ከስድስት በላይ ጎን ያላት ፊኛ እንደምታድግ፣ በታች ያላት እንደምታንስ ይናገራል። የሚገርመው የፊኛዋ መጠን ጉዳይ አለመሆኑ ነው፣ የጎኗ ቁጥር ብቻ ነው። ውብ ሕግ ነው። ግን ይህን ለማየት ደቂቃዎችና ሰዓታት ይወስዳል፣ የአንቺ ፊኛ ቦዩ ውስጥ የምትቆየው ሰከንዶች ነው።

የዱሪያን ሞዴልም ይጠቁሙሽ ይሆናል። በ1995 የወጣ ነው። ፊኛዎቹን እንደ ለስላሳ ክብ ይወስዳቸዋል፤ ሲደራረቡ እንደ ስፕሪንግ ይገፋፋሉ። ለሺዎች ፊኛና ለእርጥብ አረፋ ግሩም ነው። ለሁለት ረድፍ ደረቅ አረፋ ግን አይሆንም። አንቺ የምትፈልጊው የገለፈቱ ቅርጽ እዚያ ውስጥ የለም።

የተለየ ነገር ካለሽ፣ ማለትም አረፋሽ በጣም እርጥብ ከሆነ ወይም ፊኛዎቹ ሲፈጠሩ ከመርፌው አፍ ጀምሮ ማየት ከፈለግሽ፣ ወደ ሴሉ ዘዴ መመለስ ትችያለሽ። ያኔ ለእያንዳንዱ ፊኛ የራሱን ቀለም የሚሰጥ ስሪት ተጠቀሚ። ሁለት ቀለም ፈጽሞ አይዋሃድም። አፍሮስ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን ያደርጋል፣ ጽሑፉ በ2022 ወጥቷል። የገለፈቱን ትክክለኛ ውፍረት ባያውቅም ፊኛዎቹን አያፈርስም። ለዚያ ግን ላፕቶፑ ላይ ማደር አለብሽ።

ለአሁኑ ክቡን ሥሪና የሬዲየሱን ካሬ ግራፍ ላኪልኝ። መስመሩ ቀጥ ካለ ስለ መገናኛው ነጥብ እንቀጥላለን፤ እሱ ላይ ሦስቱ ገለፈቶች ሲገናኙ ነጥቡን የት እንደምታስቀምጪ ራሱን የቻለ ወግ አለው።